ለትንሽ ልጅ የሚስማማው የሶፍትቦል ውርወራ የትኛው ነው?



ዛሬ የያዝኩትን ርዕስ ስታዩ ብዙዎቻችሁ “ይሄ ደግሞ ለእኛ ምን ያደርግልናል?” እንደምትሉ አውቃለሁ። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ከመካከላችን ልጆቻቸውን አሜሪካን ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ሰዎች ቤት የምንሠራ ጥቂት አይደለንም። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ሴቶች ልጆች ሶፍትቦል ይጫወታሉ። አሰልጣኙ ልጅቷን የሚያያት በሳምንት ሁለት ቀን ነው። እናትና አባት ጨዋታ ሲኖር ይመጣሉ። ሜዳ የምናደርሳት፣ ውኃዋን ይዘን አጥሩ ጋ የምንቆመው፣ ማታ ሸሚዟን የምናወልቅላት ግን እኛ ነን። ስለዚህ ክንዷ ሲታመም መጀመሪያ የምናየው እኛ ነን ማለት ነው።

እኔ 12ኛ ክፍል ጨርሼ ስመጣ ሶፍትቦል የሚባል ነገር ሰምቼም አላውቅም ነበር። የማሳድጋት ልጅ በ8 ዓመቷ ስትጀምር አብሬ ጀመርኩ። አሁን 11 ሆናለች። በእነዚህ ዓመታት ቆሜ ያየሁትን፣ አሰልጣኞች ሲያስተምሩ የሰማሁትን፣ በኋላም አንብቤ ያጣራሁትን ነው የማካፍላችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

፩. ሶፍትቦል ምንድን ነው?

ሶፍትቦል በ1887 በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ ተጀመረ። መጀመሪያ ቤዝቦልን በክረምት ቤት ውስጥ ለመጫወት ተብሎ የታሰበ ጨዋታ ነበር። ስሙ “ለስላሳ ኳስ” ማለት ይሁን እንጂ ዛሬ የሚጫወቱበት ኳስ ለስላሳ አይደለም፤ ፊት ላይ ቢያርፍ ያደማል። አንድ ቡድን ሜዳ ላይ ዘጠኝ ተጫዋች አለው። ከሁሉም ብዙ የምትደክመው መሀል ቆማ የምትወረውረዋ ናት፤ ፒቸር ይሏታል። ከፊቷ በትር የያዘችው መቺ፣ ከመቺዋ ኋላ ደግሞ ኳሱን የምትቀበለው ካቸር አለች።

ከቤዝቦል ዋናው ልዩነት ውርወራው ነው። በቤዝቦል ኳሱ ከራስ በላይ ይወረወራል። በሶፍትቦል ግን ክንድ ከታች ይመጣና ኳሱ ዳሌ አካባቢ ይለቀቃል። ከላይ የወረወረች ፒቸር ሕግ አፈረሰች ይባላል።

ጨዋታው ከ1996 እስከ 2008 በኦሊምፒክ ነበረ፤ ከዚያ ወጣ። ለአንድ ጊዜ ብቻ በቶኪዮ ተመልሶ ነበር። በ2028 በሎስ አንጀለስ ደግሞ እንዲኖር ተወስኗል። ስለዚህ ብዙ ወላጆች ስለ ልጃቸው ትልቅ ሕልም አላቸው። ሕልሙ መልካም ነው፤ የሚሸከመው ግን የአንዲት ትንሽ ልጅ ትከሻ ነው።

ለልጆች ኳሱና ርቀቱ እንደ ዕድሜያቸው ነው። እስከ 10 ዓመት ያሉት ዙሪያው 28 ሳንቲ ሜትር በሆነ ኳስ፣ 10 ሜትር ተኩል ያህል ርቀው ይወረውራሉ። 11 እና 12 ዓመት የሆኑት ዙሪያው 30 ሳንቲ ሜትር ተኩል ወደሆነው ትልቁ ኳስ ያልፋሉ፤ ርቀቱም 12 ሜትር ይሆናል። ከዚያ በላይ 13 ሜትር ነው። ልጅቷ የታላቅ እህቷን ኳስ ይዛ ስትለማመድ ካያችሁ መጀመሪያ የሚስተካከለው ይሄ ነው። ትንሽ እጅ ትልቅ ኳስ ሲይዝ ጣቶች ጨብጠው ይደርቃሉ፤ አንጓም አይታጠፍም።

፪. የውርወራ ዓይነቶች

ሀ/ ስሊንግሾት። ክንድ ወደ ኋላ ይሳብና ከፍ ይላል፤ ከዚያ በሄደበት መንገድ ወደ ፊት ይመለሳል። ክብ አይሠራም። ቃሉ የላስቲክ ወንጭፍ ማለት ነው፤ ስቦ እንደመልቀቅ። እንቅስቃሴው አጭር ስለሆነ የሚሳሳተው ነገር ጥቂት ነው፤ ልጅ ቶሎ ትይዘዋለች። ጉድለቱ ፍጥነት አይሰጥም፤ ኳሱም ከኋላ ሲመጣ ለመቺዋ ቀድሞ ይታያል።

ለ/ ዊንድሚል። የነፋስ ወፍጮ ማለት ነው። ክንድ ከፊት ተነሥቶ በራስ በላይ ይዞርና ሙሉ ክብ ሠርቶ ዳሌ ጋ ሲደርስ ኳሱ ይለቀቃል። ዛሬ ትልልቆቹ ፒቸሮች ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ ነው የሚወረውሩት፤ ፍጥነት ያለው እሱ ነው። ገጠር ያደግን ማማ ላይ ሆነን ወፍ የምናባርርበትን ወንጭፍ እናውቃለን፤ እሱም የሚዞር ስለሆነ ከስሊንግሾት ይልቅ ለዊንድሚል ይቀርባል። ወንጭፍ ያዞረ ሰው ደግሞ ዋናው ችግር ማዞሩ ሳይሆን መቼ መልቀቅ እንዳለበት ማወቁ መሆኑን ያውቃል። እዚህም እንዲያው ነው።

ሐ/ ፊገር ኤይት። እጅ ከጀርባ በኩል ወጣ ብሎ የስምንት ቁጥርን መስመር እየሠራ ይመለሳል። ድሮ ነበር፤ አሁን ብዙ አይታይም። ለልጅ የሚመክረው ሰው አልገጠመኝም።

መ/ ስሎው ፒች። ይሄ እንኳ ራሱን የቻለ የጨዋታ ዓይነት ነው። ኳሱ ቀስ ብሎ ወደ ላይ እንደ ቀስተ ደመና ጎብጦ ይወርዳል። ትልልቅ ሰዎች ለመዝናናት የሚጫወቱት ብዙውን ጊዜ ይሄንን ነው። ለክንድ ቀላል ነው፤ ልጅቷ የምትጫወትበት ሊግ ፈጣን ውርወራ ከሆነ ግን አያገለግላትም።

እንግዲህ ለአንዲት ልጅ ምርጫው ብዙ ጊዜ በስሊንግሾትና በዊንድሚል መካከል ነው።

፫. እንዴት ይመረጣል?

“የትኛው ይፈጥናል?” ተብሎ ከተጠየቀ መልሱ አንድ ነው፤ ዊንድሚል። ነገር ግን ጥያቄው መሆን ያለበት “ይህች ልጅ፣ በዚህ ዕድሜዋ፣ ሳያማት ልትደጋግመው የምትችለው የትኛውን ነው?” የሚለው ነው። እነዚህን አምስት ነገሮች እዩ።

አንደኛ፣ እግርና እጇ ይስማማሉ ወይ? የውርወራ ጉልበት የሚመጣው ከትከሻ አይደለም። የኋላ እግር መሬቱን ይገፋል፣ የፊት እግር ያርፋል፣ ዳሌ ይዞራል፣ ክንድ መጨረሻ ነው። ዊንድሚል ስትሞክር ክንዷ ዞሮ ካለቀ በኋላ እግሯ የሚያርፍ ከሆነ ሙሉው ክብ ገና አልደረሰላትም። ያኔ ጉልበቱን ሁሉ ትከሻዋ ብቻውን ይከፍላል።

ሁለተኛ፣ ትከሻዋ ላላ ይላል ወይ? ክንዷ ሲዞር ጆሮዋን ዳሰስ አድርጎ የሚያልፍና ቀጥ ባለ መንገድ የሚመለስ ከሆነ ጥሩ ነው። ከጀርባዋ ኋላ የሚጠማዘዝ ወይም ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ የሚሸማቀቅ ከሆነ ፍጥነቱን ቀንሳ በግማሽ ክብ ትቆይ።

ሦስተኛ፣ ስንት ጊዜ ልትወረውር ነው? የቡድኑ ዋና ፒቸር ለመሆን የምትፈልግ ልጅ ዞሮ ዞሮ ዊንድሚል መማሯ አይቀርም፤ በትዕግሥት ከመጀመሪያው ብትጀምረው ይሻላል፤ የለመደ እጅ ቆይቶ መመለስ ከባድ ነውና። አንዳንድ ጊዜ ብቻ ተተክታ የምትወረውር፣ ወይም ዘግይታ የጀመረችና ክቡ የሚያስጨንቃት ልጅ ግን በስሊንግሾት በደስታ ልትጫወት ትችላለች። ይሄ ነውር አይደለም።

አራተኛ፣ ውርወራው እንዴት ያልቃል? እዚህ ላይ አሰልጣኞች ይለያያሉ። አንዳንዶቹ ኳሱን ከለቀቀች በኋላ ክርኗን ወደ ላይ አጥፋ ወደ ካቸሯ እንድታሳይ ያስገድዳሉ፤ ሄሎ ኤልቦ ይሉታል። ነገር ግን የታላላቅ ፒቸሮችን ውርወራ በዝግታ በሚታይ ፊልም ስታዩት አብዛኞቹ እንዲያ አያደርጉም። ከክርን በታች ያለው ክንዳቸው ጎናቸውን ዳበስ አድርጎ ያልፋል፣ ወደ ውስጥ ይዞራል፣ እጃቸውም ዘና ብሎ በራሱ ይቆማል። የቡሄ ጅራፍ ትዝ ይበላችሁ። ጅራፍ የሚጮኸው እጅ ቆም ሲልና ጫፉ ሲፈተለክ ነው። ክንድም ጎን ጋ ለአፍታ ሲገታ እጅና ኳሱ እንደ ጅራፍ ጫፍ ይወጣሉ። ስለዚህ ለልጅ የሚሻለው ሳትገፋና ሳትታገል ዘና ብላ የምትጨርሰው ነው።

አምስተኛ፣ ራሷ ትወደዋለች ወይ? ይሄንን የሚጠይቃት ሰው ጥቂት ነው። እኛ ግን መኪና ውስጥ ስንመለስ ልንጠይቃት እንችላለን። መልሱን ከአፏ ብቻ አትጠብቁ፤ የልምምድ ቀን ጠዋት ፊቷን እዩት።

ዊንድሚል ከተመረጠ ደግሞ በአንድ ቀን ሙሉውን አታስጀምሩ። ጥሩ አሰልጣኞች ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው የሚያስተምሩት። መጀመሪያ ቅርብ ቆማ አንጓዋን ብቻ እያላላች ትለቃለች። ቀጥሎ ክንዷን ወደ ኋላ በትከሻዋ ልክ ዘርግታ ከዚያ ትጀምራለች። ከዚያ ከራሷ በላይ፤ ከዚያ ቆማ ሙሉ ክብ፤ መጨረሻ ላይ ከእርምጃ ጋር። አንዱ ሳይለምድ ወደ ሌላው አይታለፍም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ኳሱ ዒላማ ሳተ ብላችሁ አትጨነቁ። ዒላማ ለመምታት ብላ ክንዷን የምታስር ልጅ እንቅስቃሴው ይበላሽባታል።

ቤት ውስጥ ልታለማምዷት ከፈለጋችሁ ኳስ አያስፈልግም። ሁለት ጥንድ ካልሲ ጠቅልላችሁ በኳስ ልክ እሰሩና ኮሪደር ላይ ወደ ግድግዳ ትወርውር። ዕቃ አይሰበርም፣ ክንድ አይደክምም፤ እኛም ልብስ እያጠፍን ማየት እንችላለን።

ኳስ የሚያጣምሙ ውርወራዎችን ለመማር አትቸኩል። ቀጥታው ፈጣን ኳስ ይቅደም፤ ቀጥሎ በተመሳሳይ እንቅስቃሴ ቀስ ብሎ የሚመጣው ቼንጅ አፕ። ለትንሽ ልጅ እነዚህ ሁለቱ ይበቃሉ።

፬. ክንድ ይደክማል

ብዙ ሰው “ከታች መወርወር ተፈጥሯዊ ነው፤ ክንድ አይጎዳም” ይላል። እውነት አይደለም። በ1998 የወጣ አንድ ጥናት የዊንድሚል ፒቸሮችን ትከሻ ለክቶ፣ የሚያርፍበት ኃይል ከቤዝቦል ወርዋሪዎች ብዙም እንደማይተናነስ አሳይቷል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በትከሻ ፊት ለፊት፣ የክንድ ጡንቻ ከትከሻ ጋር በሚያያዝበት ቦታ ነው።

በሊትል ሊግ ከ2007 ጀምሮ ቤዝቦል የሚወረውሩ ልጆች ኳስ ይቆጠርላቸዋል። በሶፍትቦል ግን የሚቆጠረው የጨዋታው ክፍል፣ ኢኒንግ የሚባለው ነው እንጂ ኳሱ አይደለም። ስለዚህ አንዲት ልጅ ብዙ ወርውራ ማንም ሳያውቅላት ትቀራለች። በአሜሪካ የስፖርት ሐኪሞች የሚመክሩት ቁጥር ይህ ነው፦ ከ8 እስከ 10 ዓመት በአንድ ጨዋታ ከ50 ኳስ ያልበለጠ፤ ከ10 እስከ 12 ዓመት 65፤ 13 እና 14 ዓመት 80። እስከ 12 ዓመት ያሉት ሁለት ቀን በተከታታይ ከወረወሩ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ጭራሽ አይወረውሩም። የልምምዱንም አትርሱ፤ ክንድ ጨዋታና ልምምድ አይለይም።

ወላጆች የሚጠሩት የታላላቆችን ስም ነው። በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ የጃፓኗ ዩኪኮ ኡኤኖ በሁለት ቀን ውስጥ በሦስት ጨዋታ 413 ኳስ ወርውራ አገሯን ለወርቅ አበቃች። ድንቅ ነው። ግን ያኔ 26 ዓመቷ ነበር፤ ሥራዋም ይሄው ነበር። በ2021 በተካሄደው በቶኪዮው ፍጻሜ በ39 ዓመቷ ደግማ ወርቅ ስታገኝ ግን ብቻዋን አልነበረችም፤ መሀል ላይ ሚዩ ጎቶ የምትባል የ20 ዓመት ወጣት ተተክታ አሳርፋታለች። ኡኤኖም ብትሆን ተተኪ አስፈልጓታል።

እኛ ልናያቸው የሚገቡ ምልክቶች፦ ቦርሳዋን በሌላው እጇ ማንሳት፤ ሸሚዝ ስታወልቅ ፊቷን ማጨማደድ፤ ጸጉሯን ስታበጥሩላት ክንዷን ከፍ አለማድረግ፤ ሌሊት ባልተለመደ ጎን መተኛት፤ ሳይታሰብ “ዛሬ ልምምድ አልሄድም” ማለት። እንዲህ ሲሆን ወጌሻ እንደሚያደርገው አትሳቡት፣ በቅባትም አጥብቃችሁ አትሹት። ውርወራው ይቁም፤ ለወላጅ ይነገር፤ ካልተሻላት ሐኪም ይያት።

፭. እንዴት እንናገር?

ይሄ ለእኛ ከባዱ ክፍል ነው። በሰው ቤት ነን። “አንቺ ስለ ኳስ ምን ታውቂያለሽ?” ብንባል መልስ የለንም ብለን ዝም እንላለን። እኔም ተብያለሁ። ልጅቷ 10 ዓመቷ ሳለ የአጎቷ ልጅ በዊንድሚል በጣም ፈጣን ስለነበረች አባቷ ልጁም እንደዚያ እንድትወረውር ፈለገ። በሳምንት አምስት ቀን፣ በትልቁ ኳስ፣ ግቢ ውስጥ ያስወረውራት ነበር። ማታ ለእኔ ብቻ “ትከሻዬ ይቃጠላል፤ ለባባ እንዳትነግሪ” አለችኝ።

እኔ ልጅቷን አሳልፌ ሳልሰጥ እንዴት እንደምናገር አሰብኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሱፐርማርኬት ደረሰኝ ጀርባ ላይ በእስክሪፕቶ እየሰረዝኩ ኳሷን ቆጠርኩ። ሰኞ 85፣ ማክሰኞ 90፣ ረቡዕ 110። ረቡዕ ማታ ደረሰኙን ለማዳም ሰጠኋትና በተሰባበረው አረብኛዬ እንዲህ አልኳት፦ “ማዳም፣ እኔ ስለ ጨዋታው አልናገርም። የቆጠርኩትን ብቻ ነው የማሳይሽ። ዛሬ ቦርሳዋን በግራ እጇ ነው ያነሳችው።” ባባ ተቆጣ፤ ያኔ ነው ያንን ቃል የተናገረኝ። ማዳም ግን ቁጥሩን ደጋግማ አየችውና ቅዳሜ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሙ የትከሻዋ ጅማት መቆጣቱን ነግሮ ለስድስት ሳምንት ውርወራ ከለከላት። ስትመለስ በትንሹ ኳስ፣ በግማሽ ክብ ጀመረች። ዛሬ ሙሉ ክብ ትወረውራለች፤ ከአጎቷ ልጅ ግን አሁንም ቀርፋፋ ናት። አያማትም፤ እየሳቀች ነው የምትወረውረው።

ከዚህ የምንወስደው፦ አሰልጣኙን ሜዳ ላይ አትከራከሩ፤ በአባትና በእናት መካከል አትግቡ፤ “ልጅቷን እየጎዳችኋት ነው” አትበሉ። ያያችሁትን፣ የቆጠራችሁትን፣ ቀኑን ንገሩ። ቁጥር የሰው ወገን የለውም። ቢቆጡም እንኳ ቁጥሩን ሰምተውታል።

፮. ከቃሉ

1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 17 ላይ ዳዊት ጎልያድን ሊገጥም ሲወጣ ሳኦል የራሱን ጥሩርና የናስ ቁር አለበሰው። የንጉሥ ልብስ ነው፤ ክፉ ታስቦም አልነበረም። ዳዊት ግን ስላልለመደው አወለቀው። በለመደው ወንጭፍና ከወንዝ በመረጣቸው አምስት ድንጋዮች ወጣ። የሳኦል ጥሩር መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ የዳዊት ልክ ስላልሆነ ነው።

ልጅን በሌላ ልጅ ልክ ማሠልጠን የሳኦልን ጥሩር ማልበስ ነው። ይሄ ለአሠሪዎቻችን ብቻ የተነገረ አይምሰላችሁ። አገር ቤት ልጅ ትታችሁ የመጣችሁ እህቶች፣ በስልክ “የእገሌ ልጅ አንደኛ ወጣች፤ አንቺስ?” ስንል እኛም ያንኑ እያደረግን ነው። ከሩቅ ስለሆንን ደግሞ ፊቷን አናየውም፤ ቦርሳዋን በየትኛው እጇ እንዳነሳች አናውቅም። ስለዚህ ከማነጻጸራችን በፊት እንጠይቃት።

ለመወያየት

1. በምትሠሩበት ቤት ያለው ልጅ የሚወደው ጨዋታ ምንድን ነው? በዕድሜውና በአቅሙ ልክ ነው ወይ?

2. ልጁ “ለእናቴ እንዳትነግሪ” ያለንን ሕመም እምነቱን ሳናፈርስ እንዴት እንናገር?

3. ዳዊት ጥሩሩን ሲያወልቅ ንጉሡን አልተሳደበም። እኛ የማይሆነንን ነገር በትሕትና “አይሆንልኝም” የምንለው እንዴት ነው?

4. አገር ቤት ላለ ልጃችሁ ወይም ታናሽ እህታችሁ በዚህ ሳምንት ስትደውሉ ከውጤት ሌላ ምን ትጠይቃላችሁ?

በሚቀጥለው ዓርብ ስንገናኝ ካልሲውን ይዤ እመጣለሁ፤ ከጸሎት በኋላ ግማሽ ክብና ሙሉ ክብ ምን እንደሆነ በተግባር አሳያችኋለሁ።

እህታችሁ